ሚኪ ሊላንድ፦ ከሂውስተን መራጮች እስከ ጋምቤላ የስደተኞች ጣቢያ

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የሚገኙት 435 መቀመጫዎች በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። የሥራ ዘመኑ አጭር በመሆኑ፣ አብዛኞቹ የምክር ቤቱ አባላት ከተመረጡበት ማግሥት ጀምሮ ስለሚቀጥለው ምርጫ ያስባሉ፤ ትኩረታቸውንም መራጫቸውን በቀጥታ በሚነኩ ጉዳዮች ላይ ያደርጋሉ።

የቴክሳስ 18ኛ የምርጫ ክልል ተወካይ የነበሩት ሚኪ ሊላንድ ግን ከጊዜያቸውና ከጉልበታቸው ትልቁን ድርሻ ያዋሉት ድምፅ ሊሰጧቸው ለማይችሉ ሰዎች ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሱዳንና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በረሃብና በስደት የተጎዱ ወገኖችን ጉዳይ የምክር ቤቱ አጀንዳ ለማድረግ ታግለዋል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ጋምቤላ ሲጓዙ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው ማለፉም ይታወሳል።

ሊላንድ እንዲህ ላለው ተግባር ነጻነት ያገኙት በስድስት ተከታታይ ምርጫዎች ሳይበገሩ ባሸነፉበት መቀመጫ አማካይነት ነው። ይህ መቀመጫ ግን በፍርድ ቤት ክርክር፣ በሕግ ማሻሻያና በምርጫ ክልል አከላለል ለውጥ የተገኘ የረጅም ጊዜ ትግል ውጤት ነው።

ለጥቁር መራጮች የተዘጋ በር

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ቴክሳስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የበላይነት የነበረባት ግዛት ነበረች። በመሆኑም የፓርቲውን ዕጩ ለመለየት የሚካሄደውን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው በኅዳር ወር የሚካሄደውን ጠቅላላ ምርጫ ማሸነፉ አያጠራጥርም ነበር። ፓርቲው በበኩሉ ራሱን እንደ ግል ማኅበር በመቁጠር ጥቁሮች በቅድመ ምርጫው እንዳይሳተፉ ከለከለ። ጥቁር ዜጎች በኅዳሩ ምርጫ ድምፅ መስጠት ቢችሉ እንኳ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ያለቀለት በመሆኑ ድምፃቸው ለውጥ አያመጣም ነበር።

ይህን አሠራር በመቃወም በሂውስተን ከተማ ፊፍዝ ዋርድ በተባለው የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር የሚኖሩት የጥርስ ሐኪም ሎኒ ስሚዝ ክስ መሠረቱ። በታዋቂው የሕግ ባለሙያ ተርጉድ ማርሻል ተሳትፎ የተካሄደው ክርክር እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1944 ጥቁሮችን ከቅድመ ምርጫ ማግለል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ።

ሚኪ ሊላንድ የተወለዱት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቴክሳስ ግዛት ላቦክ ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት ክሱ በተነሣበት በፊፍዝ ዋርድ ሰፈር ነው። ይሁን እንጂ ውሳኔው ሁሉንም መሰናክል አላስወገደም። ድምፅ ለመስጠት ይከፈል የነበረው ግብር ለፌዴራል ምርጫዎች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ በቴክሳስ የግዛት ምርጫዎች የቀረው ደግሞ በ1966 ነበር።

የምርጫ ክልል አከላለል ያመጣው ለውጥ

የመምረጥ መብት ከተገኘ በኋላም የመመረጡ ዕድል ጠባብ ነበር። ሂውስተን የምትገኝበት የሃሪስ አውራጃ ለግዛቱ ምክር ቤት በርካታ ተወካዮችን የሚልክ ቢሆንም፣ ዕጩዎቹ የሚወዳደሩት በመላው አውራጃ ነበር። በዚህ አሠራር በአንድ አካባቢ ተሰባስበው የሚኖሩ ጥቁሮች የሚሰጡት ድምፅ በአውራጃው በብዛት በሚኖሩት ነጭ መራጮች ድምፅ ይዋጥ ነበር።

የዚህን ጉዳት የባርባራ ጆርዳን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። የሕግ ባለሙያዋ ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1964 በመላው አውራጃ ተወዳድረው ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። የምርጫ ክልሎች እንደገና ከተካለሉ በኋላ ግን በ1966 ለቴክሳስ ሴኔት ተመረጡ። በዚህም እ.ኤ.አ. ከ1883 ወዲህ በግዛቱ ሴኔት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። ሴትዮዋም መራጩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የወሰኑ መስመር ነበር።

ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1972 በአዲስ መልክ በተካለለው 18ኛ የምርጫ ክልል ተወዳድረው ለኮንግረስ በቁ። በዚያው ዓመት የሃሪስ አውራጃ ለግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ አንድ አንድ ተወካይ በሚልኩ ትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፋፈለ። ለሊላንድ የፖለቲካ በር የተከፈተውም በዚህ ጊዜ ነበር።

ከፋርማሲ ወደ ምክር ቤት

ሊላንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ከተመረቁ በኋላ በዚያው ተቋም አስተምረዋል። በሂውስተን የድሆች ሰፈሮች ቤት ለቤት እየተዞረ ስለ ሕክምና አገልግሎት ትምህርት የሚሰጥበትን እንቅስቃሴም አስተባብረዋል። ኋላ ድምፅ የሰጧቸው ሰዎች አስቀድመው ያወቋቸው በዚህ ሥራቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በ27 ዓመታቸው ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። ክሬግ ዋሽንግተን፣ አንቶኒ ሆልና ሴንፍሮንያ ቶምፕሰን የተባሉ ጥቁር ፖለቲከኞችም በዚያው ምርጫ ከሂውስተን አሸንፈው ወደ ምክር ቤቱ ገብተዋል። ሊላንድ በዚያ በቆዩባቸው ሦስት የሥራ ዘመናት፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች መድኃኒት በዝቅተኛ ዋጋ የሚያገኙበት ሕግ እንዲወጣ ሠርተዋል።

ባርባራ ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1978 ዳግም እንደማይወዳደሩ ባስታወቁ ጊዜ የ18ኛው የምርጫ ክልል መቀመጫ ክፍት ሆነ። በቴክሳስ ሕግ መሠረት በፓርቲ ቅድመ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ ከሌለ፣ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙ ዕጩዎች በዳግም ምርጫ ይለያሉ። በዚህ ፉክክርም ወደ ዳግም ምርጫ ያለፉት ሊላንድና የቀድሞ የምክር ቤት ባልደረባቸው አንቶኒ ሆል ነበሩ። ሊላንድ ሆልን ከረቱ በኋላ በኅዳሩ ምርጫ የሚያሰጋ ተቀናቃኝ አልገጠማቸውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1979 ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራ የጀመሩት ሊላንድ እስከ 1988 ድረስ አምስት ጊዜ በድጋሚ ተመርጠዋል።

መቀመጫው የሰጠው ነጻነት

ቅድመ ምርጫውን ያሸነፈ ዕጩ በጠቅላላ ምርጫው የማይሰጋበት እንዲህ ያለ የምርጫ ክልል ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ተወካዩን ወደ መዘናጋት ሊመራው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ወዲያውኑ ድምፅ የማያስገኙ ነገር ግን አስፈላጊ የሆኑ ጉዳዮችን እንዲያነሣ ያስችለዋል። ሊላንድ የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ከኒው ዮርክ ሪፐብሊካን ተወካይ ቤን ጊልማን ጋር በመሆን ባደረጉት ጥረት፣ የተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ አቋቋመ። ሊላንድም የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ። ኮሚቴው በራሱ ሕግ አርቅቆ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም፤ ኃይሉ ያረፈው ጥናት በማካሄድ፣ ምስክር በመስማትና ጉዳዩ እንዳይዘነጋ በማድረግ ላይ ነበር። የኮሚቴው ሥራ በውጭ አገር ረሃብ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአሜሪካ ውስጥ የሚበሉት ያጡ ቤተሰቦችንና መጠለያ አልባ ዜጎችንም ይመለከት ስለነበር፣ ሊላንድ ለአፍሪካ የሚያደርጉትን ጥረት ከሂውስተን ድሆች ኑሮ ጋር አያይዘው ማቅረብ ችለዋል።

በኢትዮጵያ ከባድ ረሃብ በደረሰበት በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካና የደርግ መንግሥት ግንኙነት የሻከረ ነበር። ሊላንድ በመንግሥታት መካከል ያለ ቅራኔ ለተራቡ ሰዎች የሚላክን እህል ሊያግድ አይገባም በማለት ይከራከሩ ነበር። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቀው ለአፍሪካ የረሃብ ዕርዳታና ማገገሚያ 800 ሚሊዮን ዶላር የመደበው ሕግ በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት የጥረታቸው ውጤቶች አንዱ ነው። በ1985 እና በ1986 ደግሞ የጥቁር ኮንግረስ አባላት ኅብረትን በሊቀ መንበርነት መርተዋል።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1980ዎቹ ማብቂያ የሱዳንን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ በርካታ ሰዎች በጋምቤላ ተጠልለው ነበር። ከእነዚህም መካከል ከወላጆቻቸው የተለዩ ብዙ ሕፃናት ይገኙ ነበር። ሊላንድ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የስደተኞቹን ይዞታ ለመመልከት በትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ተነሡ። አውሮፕላኑ ግን ካሰበበት አልደረሰም። የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ጭምር በተሳተፉበት ፍለጋ፣ ስብርባሪው ከስድስት ቀናት በኋላ በተራራማ ሥፍራ ተገኘ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 16 አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ሊላንድ በወቅቱ የ44 ዓመት ሰው ነበሩ።

ከሊላንድ በኋላ

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት ክፍት የሆነ የሴኔት መቀመጫን የግዛቱ ሕግ ከፈቀደ አገረ ገዥው በጊዜያዊነት በሹመት ሊሞላው ይችላል። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ግን የሚሞላው በምርጫ ብቻ ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የማሟያ ምርጫ ተካሄደ። ወደ ዳግም ምርጫ ያለፉትም ከሊላንድ ጋር በአንድ ዓመት ወደ ግዛቱ ምክር ቤት የገቡት ክሬግ ዋሽንግተንና አንቶኒ ሆል ሲሆኑ፣ አሸናፊው ዋሽንግተን ሆኑ።

የዋሽንግተን ቆይታ ግን አጭር ነበር። ለቴክሳስ ጥቅም ያስገኛሉ የተባሉ ትላልቅ ፕሮጀክቶችን በመቃወም በሰጡት ድምፅ ትችት ደርሶባቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በተካሄደው ቅድመ ምርጫ በሺላ ጃክሰን ሊ ተሸነፉ። ይህም በጠቅላላ ምርጫ የማያሰጋ መቀመጫ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ሊታጣ እንደሚችል ያሳያል። ጃክሰን ሊ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የምርጫ ክልሉን ወክለዋል።

ልዩ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1993 በምክር ቤቱ ውሳኔ ቀረ። በወቅቱ ሰብሳቢ የነበሩት የኦሃዮው ተወካይ ቶኒ ሆል፣ ከሂውስተኑ አንቶኒ ሆል የተለዩ ሰው ሲሆኑ፣ ውሳኔውን በመቃወም ለ22 ቀናት ጾመዋል። ኮሚቴው ዳግም ባይቋቋምም፣ በዚያው ዓመት የተመሠረተው የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል በሊላንድ ስም በሰየመው መርሐ ግብር ወጣት ባለሙያዎችን ለማሠልጠን በቅቷል። በሂውስተንም አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በስማቸው ይጠራል።

የሊላንድ የምርጫ ታሪክ የሚያስገነዝበው የድምፅ ዋጋ በምርጫው ዕለት ብቻ እንደማይለካ ነው። የሂውስተን ጥቁሮች በፍርድ ቤትና በምርጫ ክልል አከላለል ታግለው ያገኙት አንድ መቀመጫ፣ ሄደው የማያውቋትን አገር ረሃብተኞች ጉዳይ በኮንግረስ ለማሰማት አስችሏል።