“ባለበት ሁኔታ” የሚሰጥ ሶፍትዌር፦ ይለቀቅ ወይስ ይቅር?

የጨረታ ማስታወቂያ የሚከታተል ነጋዴ “ባለበት ሁኔታ” የምትለዋን ሐረግ ጠንቅቆ ያውቃታል። መኪናው አልነሳ ቢል እንኳ ገዢው ተመልሶ አቤት እንዳይል የምትገባ ናት። በሶፍትዌሩም ዓለም አለች። ኤም.አይ.ቲ. በመባል የሚታወቀው ነፃ ፈቃድ፣ ፕሮግራሙ ባለበት ሁኔታና ያለ ምንም ዋስትና መሰጠቱን በግልጽ ያሰፍራል። ታዲያ የሠራውን ፕሮግራም እየጠገነ ለመቀጠል ጊዜም ገንዘብም የሌለው ባለሙያ ሥራውን ለሕዝብ ይልቀቅ ወይስ ይቆልፍበት?

ለመልቀቅ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው “ዱም” የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። የአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር በ1993 ለገበያ ያቀረበውን የዚህን ጨዋታ ምንጭ ኮድ በ1997 መጨረሻ በነፃ ለቀቀው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኩባንያው ወደ ሌላ ሥራ ዞሮ ነበር፤ ወዳጆቹ ግን ኮዱን ተረክበው እስከ ዛሬ በአዳዲስ ማሽኖች ያስኬዱታል። ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ የሌላ ወገን ንብረት የሆነው የድምፅ ክፍል አብሮ አልወጣም። ሁለተኛ፣ የጨዋታው ሥዕልና ደረጃዎች በነፃ አልተሰጡም፤ ሽያጩ አልተነካም።

ችግር የሚመጣው ፕሮግራሙ ተፈላጊ ሆኖ ባለቤቱ ሲሰለች ነው። “ኢቨንት-ስትሪም” የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይወርድ ነበር። ሠሪው ዶሚኒክ ታር ግን ራሱ መጠቀሙን ትቷል፣ ክፍያም የለውም። በ2018 አንድ የማያውቀው ሰው “እኔ ልያዘው” ሲለው አስረከበ። ተረካቢው “ኮፔይ” ከተባለው የቢትኮይን ቦርሳ ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ ሸሽጎ አስገባበት፤ የተደረሰበትም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ነበር።

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የታር ስሕተት መልቀቁ አልነበረም። ንግድ ፈቃዱንና ማኅተሙን ለማይታወቅ ሰው እንደ መስጠት ነው የሆነበት፤ ደንበኛው የሚያምነው ስሙን ነበርና። (በነፃ ሲያገለግል ለኖረ ሰው ወቀሳው ቢከብድም።) ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ከ2017 ጀምሮ ባለቤቱ ሥራውን “ተዘግቷል” ብሎ ለንባብ ብቻ እንዲያቆየው ይፈቅዳል። መቀጠል የሚሻ ቀድቶ በራሱ ስም ይቀጥል። ገንዘብ ወይም የይለፍ ቃል የሚይዝ ፕሮግራም ከሆነ ግን፣ ቀዳዳው ሲገኝ የሚደፍንለት ሰው የለምና ባይለቀቅ ይመረጣል።

ለድርጅቱ የሒሳብ ፕሮግራም የሚገዛ ባለሀብትም ከዋጋው በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ውስጡ ያሉት ነፃ ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው፣ ሲበላሹስ የሚጠግናቸው ማን ነው?