መቀሌ ውስጥ ልጆችን ማን ያክማቸዋል?

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ የክላስተር ቦምብ ወደቀ። 53 ሲቪሎች ሞቱ፤ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው የደረሱበትን አሳተሙ፦ በልጅነቱ ብዙ መከራ ያየ ሰው ሲያድግ ለድብርት፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለልብ ሕመም ሳይቀር የበለጠ ይጋለጣል። የጠየቁት በቤት ውስጥ ስለሚደርስ መከራ እንጂ ስለ ጦርነት አልነበረም። እኔን የያዘኝ ግን ይህ ነው፤ ያኔ ዓይደር አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ አባት ሊሆን ይችላል። ልጁ ደግሞ የራሱን ዘመን ጦርነት አይቷል።

ስለዚህ ልጁን ብቻ ነጥሎ ማከም አያዋጣም። አደጋ ሲመጣ አንጎላችን ደወል ይደውላል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ስጋቱ ለወራት ከቀጠለ ደወሉ አደጋው ካለፈ በኋላም ላይጠፋ ይችላል። በር ሲዘጋ የሚበረግገው፣ ያለ ምክንያት የሚደባደበው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ፈዝዞ የሚውለው ልጅ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል። ደወሉን የሚያበርደው ደግሞ አጠገቡ ያለ የተረጋጋ አዋቂ ነው። አዋቂው ራሱ ካልተደገፈ መረጋጋቱን ከየት ያመጣዋል?

የመቀሌ ተማሪዎች መጋቢት 2012 በኮሮና ከክፍል ወጡ፤ ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ጀመረ፤ አብዛኞቹ የተመለሱት ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በ2015 ነው። አንዳንዱ ክፍል የተፈናቃዮች መኖሪያ ሆኖ ነበር። እንዲህ ከርሞ የመጣን ልጅ ሰነፍ ብሎ በአርጩሜ መግረፍ ቁስሉን ማደስ ነው። ነገሩን የተረዳ መምህር ቀኑ ምን እንደሚመስል ጠዋት ይነግራቸዋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያዩትን ሁሉ እንዲያወሩ አያስገድድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያም የሚለው ቀላል ነው፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ ቄሱም፣ ቡና የምታፈላው ጎረቤትም ይችሉታል።

ጎረቤት ግን ሊያቆስልም ይችላል። በጦርነቱ የተደፈረች እናት ሐሜት ፈርታ ቤቷን ከዘጋች፣ ልጆቿም አብረዋት ተዘጉ ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም ሥራ የሚቀድመው ይህን የሐሜት አፍ መዝጋት ነው።

ሐዘንም አለ። ትግራይ ውስጥ የተሰዉት ታጋዮች መርዶ ለቤተሰብ በይፋ የተነገረው፣ ሕዝቡም ለሦስት ቀን ሐዘን የተቀመጠው ጥቅምት 2016 ነው። እስከዚያ ድረስ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ለሚል ልጅ መልስ አልነበረም። ልጅ በሚገባው ቋንቋ እውነቱ ሊነገረው፣ ከሌላው ጋር ሊያለቅስም ይገባል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወይም መሞትን የሚያነሳ ልጅ ግን ዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መድረስ አለበት።

መቀሌ ዘመድ ያላችሁ፣ ስትደውሉ ልጆቹ እንዴት እንደሚተኙ ጠይቁ። ቀጥሎ እናቲቱን «አንቺስ?» በሏት፤ ስትመልስም አታቋርጧት።