ሳሎኑ በቲሸርት፣ መኝታው በጃኬት፦ በተጎታች ቤት ውስጥ ሙቀቱ የት ነው የሚቀረው?



ሰሞኑን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖር አንድ ወዳጃችን በቪዲዮ ደወለልን። ሳሎን ውስጥ በቲሸርት ቁጭ ብሏል። "ቆይ አንድ ነገር ላሳያችሁ" አለና ስልኩን ይዞ ስድስት ሰባት እርምጃ ወደ መኝታው ተራመደ። እዚያ ሲደርስ ጃኬት ደረበ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

የሚኖረው ትራቭል ትሬለር ውስጥ ነው። ለማታውቁት፣ በፒክአፕ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ትንሽ ቤት ማለት ነው። በመሠረቱ የተሠራው ለሽርሽር ነው። ኪራይ ያማረረው ሰው ግን ክረምት ከበጋ ይኖርበታል። ኮሎራዶ ላይ ደግሞ የክረምት ሌሊት ቀልድ አያውቅም።

"ማታ ማታ የምግብ ማብሰያውን ጋዝ ለኩሼ ልተኛ እያሰብኩ ነው" ሲለን ሳቃችን ቆመ። ክፍል ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ምን እንደሚያመጣ እኛ አገር ያልሰማ የለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ጋዝም ያንኑ ያመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ስለ ማሽኑ አነበብን፤ ከዚያ ከእሱ ጋር ሁለት ማታ በስልክ ስንሞክር አመሸን። ማሽኑ ሙቀት አላነሰውም። ሙቀቱ ነው መኝታ ቤት መድረስ ያቃተው።

ማሽኑ ፈርነስ ይባላል። ፕሮፔን ጋዝ ያቃጥላል፤ እሳቱ የሚነደው ግን በታሸገ ብረት ውስጥ ስለሆነ ጭሱ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። የቤቱ አየር በጋለው ብረት ዙሪያ አልፎ ይሞቅና ወለል ስር በተዘረጉ ቱቦዎች ወደየክፍሉ ይሄዳል። የሚነፋው በ12 ቮልት የሚዞር ፋን ነው። ከ20,000 እስከ 40,000 ቢቲዩ የሚያወጡት የተለመዱ ናቸው። ለዚያች ጠባብ ቤት ትንሽ የሚባል አይደለም።

ታዲያ መኝታው ለምን ይበርዳል? አየር ሰነፍ ነው። ቅርብና ቀጥ ያለ መውጫ ካገኘ በዚያው ይወጣል፤ ረጅምና ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ማን ይለፋል! ሳሎን ያለው መውጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፈርነሱ አጠገብ ነው። በዚያ ላይ ቴርሞስታቱም ያለው ሳሎን ነው። ሳሎኑ ሲሞቅ "በቃ ሞቀ" ብሎ ፈርነሱን ያጠፋዋል። መኝታ ቤት ያለው ሰው እየተንቀጠቀጠ መሆኑን በምን ይወቀው?

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት አለ። ሳሎን ያሉትን መውጫዎች ጥርቅም አድርጎ መዝጋት! ወዳጃችንም አድርጎት ነበር። ከዚያ ፈርነሱ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ይጠፋል፣ ፋኑ ብቻ ይዞራል፣ እንደገና ይነሳል። ማሽኑ የተበላሸ መሰለው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፈርነሱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከልክ ሲያልፍ እሳቱን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። መውጫው ሲዘጋበት ትኩሱ አየር መሄጃ ያጣል፣ ብረቱ ይግላል፣ መከላከያው ይቆርጠዋል። መከላከያው ሥራውን ነው የሠራው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፈርነስ ቢያንስ ይህን ያህል መውጫ ክፍት ይሁን የሚል ልክ በመመሪያው ላይ የተጻፈለት።

እኛ የጀመርነው በሶፍት ነው። አዎ፣ በሶፍት! ፈርነሱ እየሠራ እያንዳንዱ መውጫ ላይ አንድ ቅጠል ሶፍት ያዙ። ሳሎን ላይ ሶፍቱ ሊበር ደረሰ፤ መኝታ ቤት ላይ ትንፋሽ እንኳን የለም። ያን ያህል ልዩነት ካለ ቱቦው ራሱ መታየት አለበት። እነዚህ ቱቦዎች የሚታጠፉ ስስ ነገሮች ናቸው፤ በሆነ እቃ ይጨፈለቃሉ፣ ይቆለመማሉ፣ ከመውጫው ላይም ይላቀቃሉ። የእሱ ቱቦ አልጋው ስር፣ እቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ በትልቅ ሻንጣ ተጨፍልቆ ነበር። ሻንጣው ሲነሳ ብቻውን ግማሹን ችግር ፈታው። ቱቦው ተላቆ ብታገኙት ደግሞ ሙቀት በሚችል የአሉሚኒየም ፕላስተር ይያዛል። ተራ ፕላስተር ሙቀት ሲነካው ይለቃል።

ቀጥሎ የመመለሻው መንገድ። ፈርነሱ አየር የሚስብበት ወንፊት መሰል መከለያ አለ፤ ሰው ጫማና ቅርጫት ይደረድርበታል። እሱ ከታፈነ ሁሉም ክፍል ይደክማል። የመኝታ ቤቱ በር ጥብቅ ብሎ ከተዘጋም የገባው አየር መውጫ ስለሌለው አዲሱ አይገባም። በሩን ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መውጫዎቹን መነካካት። ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙና አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት አስቀምጡ። የሳሎኑን መውጫ ሩብ ያህል ብቻ አጥብቡ፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከዚያ ሌላውን። አንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እሳቱ እየቆረጠ መነሳት ከጀመረ ያጠበባችሁት በዝቷል ማለት ነው፤ መልሳችሁ ክፈቱ። የወዳጃችን ሳሎን 23፣ መኝታው 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በሁለተኛው ማታ 21 እና 19 ላይ ቆመ።

ፋኑ ከደከመ ባትሪውንም እዩት። ባትሪ ሲወርድ ፋኑ ይዝላል፤ በቂ አየር ከሌለ ደግሞ እሳቱ ጭራሽ እንዳይለኮስ የሚከለክል ሌላ መከላከያ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ፈርነሴ ሞተ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሞተበት ባትሪው ነው።

"ለምን የኤሌክትሪክ ሂተር ሳሎን አያስቀምጥም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ወጥመድ አለው። በብዙ ትሬለሮች የፈርነሱ ሙቀት ወለል ስር ያሉትን የውሃ ቧንቧዎችና ታንከሮችም ያሞቃል። ሂተሩ ሳሎኑን ካሞቀ ቴርሞስታቱ ፈርነሱን አያስነሳም፤ እናንተ ሞቋችሁ ስትተኙ ታች ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ቧንቧም ይፈነዳል። ሂተር ካስፈለገ መኝታ ቤት፣ ከቴርሞስታቱ ራቅ ብሎ፣ በማራዘሚያ ገመድ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ተሰክቶ።

የገባው ሙቀት እንዳይወጣ መስኮቱን በብርማ መከላከያ ሸፍኑ፣ ጣሪያ ላይ ያለችውን የአየር መስኮት በስፖንጅ ትራስ ድፈኑ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ። ውጭ ያለችውን የፈርነሱን ጭስ ማውጫ ግን እንዳትነኳት፤ በረዶ ከሸፈናትም ጥረጉላት።

በመጨረሻ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን መሞከሪያ ቁልፍ እንዲጫን ጠየቅነው። ተጫነው። ዝም። አገላብጦ ሲያየው ጀርባው ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተጽፏል፤ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ጋዙን ለኩሶ ሊተኛ የነበረው በዚህ አላርም ነው። በነጋታው አዲሱን ገጥሞ፣ እየጮኸ፣ ቪዲዮ ላከልን።