«አልጋ አለ?»

ከጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ከደልጊ ተነሥተው ቅዳሜንና እሑድን በባሕር ዳር ለማሳለፍ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አመሻሹ ላይ መሐል ከተማ ደረሱ እንበል። ገንዘባቸው ለትልቁ ሆቴል አይበቃም፤ እጅግ የረከሰውንም አልወደዱትም። «ሆቴል» የሚል ጽሑፍ አይተው ቢገቡ የሚያገኙት ምግብ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ከተሞች ይህ የውጭ ቃል ለምግብ ቤትም ያገለግላልና። ስለዚህ መንገድ የለመደ ሰው «አልጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ «አልጋ» ማለት መኝታው ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ሌሊት የሚከራየው ክፍል ጭምር ነው። «አልጋ ያዘ» ሲባልም ክፍል ተከራየ ማለት ነው። ይኸው ቃል በቤተ መንግሥት ዙፋን ይሆናል፤ «አልጋ ወራሽ» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በመካከለኛ ሆቴል ግን ዙፋን የሚጠብቅ እንግዳ የለም፤ ሙቅ ውሃ ካለ ይበቃዋል።

ችግሩ የሚመጣው ቍጥር ሲጨመር ነው። ወንድማማቾቹ «ሁለት አልጋ እንፈልጋለን» ቢሉ ሁለት ክፍል ሊከፈትላቸው፣ የሁለት ክፍል ሒሳብም ሊጠየቁ ይችላሉ። የመመለሻ ገንዘባቸው በዚያው ያልቃል። ማለት የነበረባቸው «ባለ ሁለት አልጋ ክፍል» ነው፤ «ክፍል» የሚለው ስም ሲጨመር «አልጋ» ወደ ቀድሞ ትርጉሙ፣ ወደ መኝታነቱ ይመለሳል።