የድሮን ምስል ከሩቅ እንዲደርስ

ባለ ካሜራ ድሮን የሚያበርር ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በእጁ በያዘው ስክሪን ላይ ነው። ምስሉ ድንገት ቢጠፋበት ድሮኑን ከነካሜራው ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ችግር ብዙዎች የሚያስቡት መፍትሔ ኃይለኛ አስተላላፊ መግዛት ነው። ይሁን እንጂ የተሻለው መፍትሔ የሚገኘው መሬት ላይ ባለው መቀበያ ዘንድ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ እንደ ኩራዝ ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መቀበያው የሚያገኘው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለሆነም የ25 ሚሊዋት አስተላላፊ በ100 ሚሊዋት ቢተካ፣ በገላጣ ስፍራ ርቀቱ የሚያድገው በእጥፍ ብቻ ነው። በዚያ ላይ አስተላላፊው ይግላል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ በሕግ የተፈቀደው የኃይል መጠንም ሊታለፍ ይችላል።

እስቲ የእጅ ባትሪን እንመልከት። አምፖሉ ትንሽ ቢሆንም አንጸባራቂው ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰበስበው ሩቅ ይደርሳል። አንቴና ሲልክም ሲቀበልም ባሕርዩ አንድ ነው። በመቀበያው ላይ የሚገጠም ጠፍጣፋ አንቴና ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ሞገድ አራት እጥፍ አጠንክሮ ቢቀበል፣ በድሮኑ ላይ ምንም ሳይጨመር ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን አንቴናውን ዘወትር ወደ ድሮኑ ማዞር ግድ ነው።

ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚላክ ምስል 1 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ በቀጥታው መስመር ዙሪያ እስከ 3.6 ሜትር ያለው ቦታ ክፍት ቢሆን ይመረጣል። ድሮኑ በዓይን እየታየም ከመስመሩ በታች ያለ ቁጥቋጦ ምስሉን ሊያደክመው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አዲስ አስተላላፊ ከመግዛታችን በፊት የመቀበያውን አንቴና በረጅም እንጨት ላይ ከፍ አድርገን እንሞክር።