የድንጋይ የጦር ጫፍና የዘመኑ ምስክር

ከእንጦጦ ግርጌ ከጉለሌ ተነሥቶ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ስድስት ኪሎን አልፎ አምስት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም የሚደርስ የከተማችን ሰው፣ እግሩ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ድንቅነሽ ይመራዋል፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ እያለች የድንጋይ መሣሪያ ቆሞ የሚመለከት ብዙ አይደለም። ይህ በድንጋዩ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ አጥንት የሰውን ሥጋ ታሪክ ሲነግረን፣ የልቡናውን ታሪክ፣ ይኸውም አስቀድሞ ማሰቡንና ያሰበውን በእጁ መፈጸሙን የሚመሰክርልን የተጠረበ ድንጋይ ነውና። ከድንጋዮቹም ወገን በዘንግ ጫፍ ታስሮ አውሬ ይወጋበት የነበረው የጦር ጫፍ በምን እንደሚታወቅ፣ ዘመኑም በምን እንደሚቈጠር መረዳት ለአንባቢ የሚጠቅም ነው።

ሹል የሆነ ድንጋይ ሁሉ የጦር ጫፍ አይደለም። ከገደል የወደቀ፣ ጎርፍ ያንከባለለው፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ባልጩት ብዙ ጊዜ ስለት አውጥቶ ስለሚሰበር ያልተማረውን ዓይን ያታልላል። የሰው እጅ የሠራው ግን ምልክት አለው፦ ከእናት ድንጋዩ ሲፈነቀል ምቱ ባረፈበት በኩል እብጠት ይቀርበታል፤ ከእብጠቱም የሚነሡ ክብ መስመሮች እየሰፉ ይሄዳሉ፤ ጠርዙ በትናንሽ ምቶች በሥርዓት ተከርክሞ ሁለቱ ጐኖች በአንድ ጫፍ ይገናኛሉ፤ ግርጌውም ከዘንግ ጋር እንዲገጥም ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በፓሪስ አጠገብ ባለ ሰፈር ስም ሌቫሉዋ በተባለው ስልት የሚሠራ ጥበበኛማ፣ ስንጣሪውን ከመፈንቀሉ በፊት መልኩን በእናት ድንጋዩ ላይ ቀርጾ ይጨርስና በመጨረሻ በአንድ ምት ያወጣዋል።

ይህም ሁሉ ተገኝቶ ድንጋዩ ቢላዋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጫፉ ከአጥንት ጋር ሲጋጭ የተሰበረበትን ሁኔታ በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው በገደሞታ ተረተር የተገኙትን የባልጩት ጫፎች የመረመሩት ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ስንጥቁ በድንጋዩ ውስጥ የሮጠበትን ፍጥነት ከጥቃቅን ምልክቶች አስልተው፣ አንዳንዶቹ በእጅ ተይዞ ከሚወጋ ጦር ይልቅ በተወረወረ ጦር ላይ የነበሩ መሆናቸውን አስረድተዋል።

ዘመኑን ማወቅ ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። የቀደሙት ተመራማሪዎች በቅርጽ ይፈርዱ ነበር፤ በጣና ዳር ጎርጎራ ከአለት ጥላ ሥር የተገኙትን መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ያጠናው ሉዊስ ሊኪም በዚሁ የዘመኑ ልማድ ሄዷል። ቅርጽ ፈጽሞ የማይታመን ምስክር ነው አልልም፤ ነገር ግን ዓመተ ምሕረት ያልተጻፈበትን ብራና የሚመረምር የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የፊደሉን አጣጣል ብቻ አይቶ እንደማይፈርድ፣ በጸሎቱ ውስጥ የተጠቀሰውን የንጉሥና የጳጳስ ስም እንደሚሻ፣ የድንጋይም መርማሪ ድንጋዩ የተኛበትን አፈር መጠየቅ ይገባዋል። አንድ ቅርጽ በብዙ አዝማን ተደጋግሞ ይሠራልና።

የገደሞታ ታሪክ ለዚህ የታመነ አብነት ነው። ፍሬድ ዌንዶርፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቈፈሩት በዚያ ስፍራ፣ ከድንጋዮቹ በላይ የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ አመድ ነበረ፤ አመዱ ሲወርድ ድንጋዮቹ አስቀድመው ወድቀው ነበርና የአመዱ ዕድሜ ለእነርሱ ትንሹ ዕድሜያቸው ነው። የአመዱም ዕድሜ የሚቈጠረው እንዲህ ነው፦ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር አንዱ ዓይነት በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይፈርሳል፤ ከፍራሹም ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ሆኖ በማዕድኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ገሞራው ቀልጦ ሲወጣ የቀድሞው ጋዝ ስለሚበተን ቈጠራው ከዚያ ዕለት እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ልኬት 180 ሺህ ዓመት ገደማ አወጣ፤ ኋላ 235 ሺህ ገደማ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በተሻለው የአርጎን ዘዴ ከ276 ሺህ ዓመት እንደማያንስ ታወቀ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ በቅርጹ ላይ አንዲት መስመር አልተጨመረችም፤ መቶ ሺህ ያህል ዓመት የተጨመረለት ከአመዱ የተነሣ ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሰማው የካርቦን ልኬትስ? እርሱ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ሲደርስ ስለሚደክም በዚህ ክርክር ድምፅ የለውም።

በመተማ ቈላ በሽንፋ ወንዝ ዳር ስለተደረገውም ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት የበለጠ ያስደንቃል። በዚያ፣ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ብናኝ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቶ፣ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ አመድ መሆኑ በኬሚካዊ ጠባዩ ታውቋል። ከዚሁ ስፍራ የወጡት ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፎች የፍላጻ ራስ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው አጥኚዎቹ ጽፈዋል። እኔ የአመዱን ቃል አምኜ እቀበላለሁ፤ የቀስቱን ነገር ግን፣ ዘንጉም ቀስቱም በስብሰው የቀረው መጠንና ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ እይዘዋለሁ።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች የዚህ ጥበብ ሀገር ሩቅ አይደለም። ከከተማው በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በላይኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኙት መልካ ቁንጡሬና ባልጭት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በባልጭት ጥቁሩ ባልጩት በየማሳው ተበትኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ጫፍ በማሳ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ያገኘ ሰው ወዶት ወደ ኪሱ ቢከተው የሚያምር ድንጋይ ያተርፋል፤ ዕድሜውን ግን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ብታገኝ አታንሣው፤ ቦታውን ምልክት አድርግና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለቅርብ የባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቅ፤ በድንገት የተገኘን ቅርስ ማስታወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የታዘዘ ግዴታ ነው።