ቅጣቱን የጨረሰ ሯጭ አሠልጣኝ ይሁን ወይ?

ጁገል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተሰብስበን ሲያከራክረን ያመሸውን ጉዳይ ለአንባብያን ማቅረብ ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያመጣው የፀሐይ ገመቹ ወሬ ነው። በ2023 በቶኪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆና የገባችው ፀሐይ ከዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ለአራት ዓመት ታግዳለች። ማስረጃው የደም ፓስፖርት የሚባለው ነው፤ ይኸውም በአንድ ናሙና መድኃኒት መፈለግ ሳይሆን የሯጩን ደም ለዓመታት እየመዘገቡ ማመሳከር ነው። እገዳው በ2027 ሲያልቅ እንደ ደንቡ በሩ ክፍት ነው። ከመካከላችን አንዱ «ማንም ይሁን፣ የተቀጣ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይታገድ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

እኛ በዚህ አንስማማም። የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴም ከስድስት ወር በላይ የታገደ ሯጭ በሚቀጥለው ኦሊምፒክ እንዳይሳተፍ ከልክሎ ነበር፤ የስፖርቱ ግልግል ፍርድ ቤት ግን በ2011 ሻረው። አሜሪካዊው ጋትሊን ሁለት ጊዜ ተቀጥቶ በ2017 ለንደን ላይ፣ በ35 ዓመቱ፣ ቦልትን ቀድሞ ሲገባ ሕዝቡ ጮኸበት። ጩኸቱ አላስደሰተንም። ቅጣቱን የጨረሰ ይሩጥ፤ ደሙም ይመርመር።

ማሠልጠን ግን ሌላ ነው። በሚዛን ሲያጭበረብር የተያዘ ነጋዴ ቅጣቱን ከፍሎ ሱቁን ይከፍታል፤ የሚዛን ተቆጣጣሪ አድርጎ የሚሾመው ግን የለም። ከገጠር የመጣ የ16 ዓመት ልጅ አሠልጣኙ «ቪታሚን ነው» ብሎ የሰጠውን ይውጣል፤ በእሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማን ያነብለታል? ደንቡ በእገዳው ዘመን ማሠልጠንን ይከለክላል፤ እገዳው ካለቀ በኋላ ግን የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ በሩ ለዘለዓለም ይዘጋ? አይደለም። ብሪታኒያዊው ብስክሌተኛ ዴቪድ ሚላር በ2004 ለፖሊስ አምኖ ሁለት ዓመት ታገደ፤ በ2008 የዓለም የፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት የአትሌቶች ኮሚቴ አባል ሆነ፤ እንዴት እንደጀመረም በመጽሐፍ ጻፈ። ሚዛኑ እንዴት እንደሚጣመም የተናገረ ሰው ለተቆጣጣሪነት ይጠቅማል።

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2016 አገራችንን እጅግ ከሚያሳስቡት አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ ጠርቷት ነበር። የተቀጣው ሯጭ ስም በጋዜጣ ይወጣል፤ የሸጠለት ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይወጣም። ስለዚህ የአሠልጣኝነት ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ተቀጥቶ የተመለሰውን ሁሉ «ከማን ገዛህ? ማንስ ወጋህ?» ብሎ ይጠይቅ እንላለን።

ጠረጴዛ የመታው ወዳጃችን «ቢናገርስ ታናሽ ወንድምህን ትሰጠዋለህ?» አለን። ከተናገረ እንሰጠዋለን። ዝም ካለ ይሩጥ እንጂ ልጅ አንሰጠውም።